አዋጁ ጸደቀ፤ ችግኙስ?

ይህ ደብረ ማርቆስ ላይ ለተማሪዎች፣ ለግብርና ባለሙያዎችና ለጥቂት አባቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው መደጋገሙን ቀነስኩ። ጨዋታውን ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ከአንድ ቃል ልነሳ። "ጸደቀ" ከምትለው።

ችግኝ ተክለን ሥር ሲሰድድ "ጸደቀ" እንላለን። ሰው በደግነት ኖሮ ሲያልፍ "ነፍሱ ጸደቀች" እንላለን። ምክር ቤት እጅ አውጥቶ ሲስማማ ደግሞ ዜናው "አዋጁ ጸደቀ" ይላል። ለሦስቱም አንድ ቃል ነው ያለን። ከሦስቱ ቀላሉ የቱ ነው ብትሉኝ አዋጁ ነው። አዋጅ ውኃ አይጠማውም። ፍየልም አይበላውም።

እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ነባር ሕዝቦች የአካባቢ እሴትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ፖሊሲ ነው። ርእሱን ሳየው "ነባር" የምትለዋ አስፈራችኝ። እኛ አገር "ነባር" ብለህ አፍህን ሳትዘጋ "መጤውስ ማነው?" የሚል ይመጣል። ስንት ሰው የተፈናቀለበት ቃል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ ያወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። 144 አገሮች ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ከደገፉትም፣ ከተቃወሙትም፣ ከታቀቡትም የለችበትም፤ በዕለቱ አልተገኘችም። አልፈርድባትም። እኔም ብሆን ያን ዕለት ጉዳይ አይጠፋኝም ነበር።

ነገር ግን ቃሉን መሸሽ ዋጋ ያስከፍላል። ገንዘብ ቃልን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በ2021 እ.ኤ.አ. ግላስጎው በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢው ማኅበረሰብ የደን ባለቤትነት 1.7 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። እኛ ዘንድ "ያ ስም የእኔ ነው" ብሎ በሩን የሚያንኳኳ ብዙ አላየሁም። ስለዚህ ማን ነባር ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔ ማውራት የምፈልገው አንድን ቦታ ለብዙ ትውልድ ሲያየው የኖረ ሰው ስለሚይዘው ሕግ ነው። ያ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የመትከል ሕግ አይደለም። የመተው ሕግ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ ልጆች የገና ዱላ ፍለጋ እንወጣለን። የሚፈለገው ጫፉ የጎበጠ ወይራ ነው። እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ ሁልጊዜ የሚበቅለው የማይነካ ቦታ ላይ ነው። ደብሩ ጓሮ አንድ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ አይኔን ጥዬባት ኖርኩ። አንድ ቀን ማጭድ ይዤ ገብቼ ቆረጥኳት።

አያቴ ዱላውን አገላብጠው አዩት። "ከየት ነው?" አሉ። ዝም አልኩ። አልመቱኝም። በአንድ እጅ ዱላውን፣ በአንድ እጅ እኔን ይዘው ቄሰ ገበዙ ፊት አቆሙኝ። ቄሰ ገበዙም አልተቆጡም። ቅርንጫፏ የተቆረጠችበትን ቦታ ሄደው አዩ። ገና ፈሳሹ አልደረቀም ነበር። በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ይኼ ዛፍ የማን ነው?"

"የማርያም።"

"ጠየቅካት?"

ምን ይመለሳል? ቅጣቴ እስከ ፋሲካ በየእሁዱ ከወንዝ አንድ ድንጋይ ተሸክሜ መጥቼ ለግቢው ካብ መጨመር ነበር። ልክ የአንድ ልጅ ትከሻ የሚችለው ድንጋይ። አንድ እሁድ ትንሽ ጠጠር ይዤ ብመጣ አስመለሱኝ። ዱላውን ምን አደረጉት? መለሱልኝ። "ከተቆረጠማ ተጫወትበት" አሉኝ። ያን ዓመት ጨዋታው አልጣፈጠኝም።

ይህን የማወራው አያቴን ለማሞገስ አይደለም። አሠራሩን እዩት። ዛፉ ባለቤት አለው። ባለቤቷ አትታይም፣ ግን ስሟን ሕፃን ያውቃል። የሚዳኝ ሰው አለ፤ የሚዳኘው ሰው ደግሞ ቁስሉን በጣቱ ነክቶ ያያል። ቅጣቱ በልጅ ልክ የተቆረጠ ነው፣ ያውም ለራሱ ለደኑ የሚጠቅም። ጥበቃ የተቀጠረ የለም፤ ታፔላ የለም፤ በጀትም የለም።

ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የተነሳ ሰው ታች ሲያይ እርሻው ሁሉ ተላጭቶ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነጠብጣብ ያያል። መሃሉ ላይ ክብ ቆርቆሮ ያበራል። ደብር ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ የቀረው እዚያ ነው። ዘር ፈላጊ የሚሄደው እዚያ፣ ንቡም እዚያ፣ ጠበሉም እዚያ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው በ2007 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል። ኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመኑን አስተባብረው በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ ካብ አስክበዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው። ማሳው ጸዳ፣ ደኑ ታጠረ። ከብት ሲከለከል ደግሞ ሳይተከል የሚወጣ ችግኝ አለ። ስሰማ የእኔን ድንጋዮች አስታወስኩ።

አሁን ወደ ፖሊሲው። ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ የሚባለውን ስትራቴጂ ይፋ ያደረገችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ ወደ 150 ሚሊዮን ቶን በካይ ጋዝ እንለቅ ነበር። እንደለመድነው ከቀጠልን በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል። ዕቅዱ እያደግንም እዚያው 150 ላይ መቆየት ነበር። ከዚያ አረንጓዴ አሻራ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። እኔም ተክያለሁ። ከተካይነቴ የማስታውሰው ግን አንድ ወረዳ ላይ ያየሁትን ነው። ችግኙ ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ገባ። ፎቶ ተነሳን። በዓመቱ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ተተከለ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ገበሬ "ጉድጓዱ እኮ ቋሚ ሠራተኛ ሆነ" አለኝ። እንዲህ የሚሆነው ሁሉም ቦታ ነው አልልም፤ ያማረበትም አለ። ግን እዚያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሜ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ይኼ ዛፍ የማን ነው? የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

የፓሪሱ ስምምነትስ? በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቀው? አንቀጽ 7 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ በሳይንስ፣ እንዲሁም "እንደ አግባቡ" በባህላዊ እውቀት፣ በነባር ሕዝቦችና በአካባቢ እውቀት ይመራል ይላል። "እንደ አግባቡ"! ቢሮ የሠራ ሰው ይህችን ሐረግ ያውቃታል። ደብዳቤ ላይ "እንደ አግባቡ እንዲታይ" ከተባለ ፋይሉ የት እንደሚሄድ ለናንተ አልነግርም። (እዚህ ላይ የሳቁት በሙሉ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ።)

አግባቡን ማን ይወስን? ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እርከንን እንውሰድ።

ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ የሚባል ተፋሰስ አለ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር ጥናት ሲካሄድበት የኖረ ቦታ ነው። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል። በ1986 እ.ኤ.አ. ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራበት። ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ አፈሩን ወደ ላይ መጣል እንደማለት። በዓመታት ውስጥ ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ሠራ፣ አፈር ያዘ። ባለሙያ ወደደው። ደግሞም እውነት አለው። ገበሬው ግን ሌላ ነገር ያያል። ክረምት ሲጠና ውኃው ከእርከኑ ጀርባ ይተኛል። ጤፉ ይቢጫል። በሬ መዞሪያ ያጣል። ካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል። መሬቱም ጠበበ። በዘመቻ የተሠራው እርከን በእርሻ ሰዓት እያሰለሰ እንደሚፈርስ የማያውቅ የልማት ሠራተኛ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም።

የገበሬው የራሱ ዘዴ ፈሰስ ነው። ጤፍ ከተዘራ በኋላ በማረሻ አግድም ሰያፍ ቦይ ይወጣል። የተረፈውን ውኃ ቀስ አድርጎ ያወጣል። አባቴ ፈሰስ ሲያወጣ አይቻለሁ። ሞፈሩን ከመትከሉ በፊት ማሳው ራስ ላይ ቁጢጥ ይልና ዝም ብሎ ያያል። ረጅም ጊዜ። ምን እንደሚያይ ስጠይቀው "ውኃውን" አለኝ። ውኃ ግን አልነበረም፤ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሲዘንብ የሚሄድበትን እያየ ነው። ቢያጋድል ጎርፍ ይሆንበታል፣ ቢያቃና ይተኛበታል። ፈሰስህን ሰው ማሳ ላይ መልቀቅ ደግሞ ነውር ነው። ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ ካሳም ያስከፍላል።

ታዲያ ፈሰስ ጥሩ ነው፣ እርከን መጥፎ ነው ልል አይደለም። ተዳፋቱ ሲበረታ ፈሰሱ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። የአባቴ ዓይን የተሠራው ደግሞ በድሮው ዝናብ ልክ ነው። "ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ተብሎ የሚዘፈንበት ዝናብ። አሁን ቡሄ ብሎም ክረምቱ የማይወጣበት፣ የሰኔው ዘግይቶ የነሐሴው በአንድ ከሰዓት የሚወርድበት ዓመት አለ። ያን ጊዜ የድሮ ዓይን ብቻውን አይበቃም። ከውጪ የመጣ መለኪያም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ማሳው ራስ ላይ አብረው ቁጢጥ ቢሉ ነው የምለው። እስካሁን ባለሙያው የሚመጣው ገመድ ይዞ ነው።

ገመድ ካልኩ አይቀር፣ ጎጃም ገመድ ሲያይ የሚያስታውሰው አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ያም አዋጅ ጸድቆ ነበር። ገበሬው "ቃላድ ሊጥሉብን፣ ርስታችንን ሊነጥቁን ነው" ብሎ ተነሳ። ቃላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። ወታደር መጣ፣ አውሮፕላን መጣ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። አዋጁ ጎጃም ላይ አልጸደቀም፤ ደረቀ። የካርቦን ልኬት ይዞ ወደ ማሳ የሚወጣ ወጣት ባለሙያ ይህን ታሪክ ቢያውቅ አይጎዳውም። ጂፒኤስም ለሽማግሌ ዓይን ቃላድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጣና ዝቅ እንበል። ዘጌ ባሕረ ገብ ላይ ማረሻ አይገባም፤ ከብትም አይረባም። እንደሚባለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉ፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ። ሰዉም "በዚህ ኑሩ፣ መሬቱን በማረሻ አትረሱ" ተባለ። እስከዛሬ ድረስ ጥቅጥቅ ያለ የቡና ጫካ ነው። አያችሁ፣ የመተው ሕግ ብቻውን አልተሰጠም። ከምግቡ ጋር ነው የተሰጠው። "አትረስ" ከማለት በፊት "ይኼን ብላ" ተብሏል። ከልለን ስናበቃ ሰዉ ምን እንደሚበላ በኋላ የምናስብ ሰዎች ከዚህ ብንማር አይከፋም። ያም ሆኖ ዘጌም ተቸግሯል። ቡናው ብቻውን ቤት ማስተዳደር ሲያቅተው እንጨት በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ይወጣል።

ታንኳውን የሠራው ማነው ካላችሁ፣ ከጥንት ጀምሮ ነገደ ወይጦ ናቸው። የጎጃምን ሐይቅ ዳር ካነሳን "ነባር" የሚለው ቃል ያለ ክርክር የሚመጥናቸው እነሱ ይመስሉኛል። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ኑሯቸው ታንኳ ከሚሠሩበት ከደንገል ጋር ነው። ጉማሬም ያድኑ ስለነበር ጎረቤቱ አይቀርባቸውም ነበር፤ አብሮ አይበላም፣ አብሮ አይጋባም። ይህን ስናወራ አንገታችንን ደፋ ማድረግ አለብን። ደንገሉ ለሐይቁ ዳር ማጣሪያ ነው፤ ደለሉን ይይዛል፣ ዓሣው ይራባበታል። አሁን ደንገሉ እየተመነጠረ እርሻና መዝናኛ ሆነ። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። እምቦጭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን ሲወርር ስንት ስብሰባ ተደረገ። ስለ ደንገል ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ግን መድረክ ላይ ሲወጡ አላየሁም። ታንኳቸውን በፖስተር ላይ ነው የማየው።

አዊ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሄደ ሰው ተራራው ሁሉ ዲከረንስ ለብሶ ያያል። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ አገር በቀል አይደለም። አሠራሩ ግን የአገው ገበሬ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍና ችግኝ አብረው ይወርዳሉ። ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ይገባል። መሬቱ እንደገና ይታረሳል፤ በአሲድ የተጎዳው አፈርም ይሻለዋል ይላሉ። ማንም ዘመቻ ጠርቶ አላስተከለውም። ደን ጨመረ፣ ኪስም ሞላ። በቅርብ ዓመታት ግን ቅጠሉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ደንግጧል። አንድ ዓይነት ዛፍ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሆነ ይኸው። እኔ ይህን የማነሳው "የአባቶች እውቀት" ስንል ሙዚየም እንዳይመስለን ነው። ገበሬ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይቀይራል።

ደብሩንም እንዳላጸድቀው። (ይቅርታ፣ ቃሉ አመለጠኝ።) እኔ ድንጋይ የተሸከምኩበት ግቢ ዛሬ ሕንፃው ተለቅ ብሎ በሲሚንቶ ተሠርቷል። ለሕንፃው ጽዶቹ ተቆረጡ። በቦታው ባሕር ዛፍ ገብቷል፤ ለደብሩ ገቢ ነዋ። ሰሜን በኩል ያለው ካብ ፈርሷል። ጠይቀዋት ይሆን? እንጃ። ጮቄ ተራራ ላይም እንዲሁ ነው። የአስታ ቁጥቋጦውና የጓሳ ሣሩ በነበረበት ገብስና ድንች ወደ ላይ እየወጣ ነው። ድሮ ያን ከፍታ የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ውርጭ ነበር። ውርጩ ሲለዝብ ጠባቂ አልተተካም። ከአባይ ገባሮች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዚያ ነው።

የመተውን ዋጋ በገንዘብ የቆጠረ ሰው አገራችን ውስጥ የለም እንዳይመስላችሁ። ወላይታ ሁምቦ ላይ ወደ 2,700 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በ2009 እ.ኤ.አ. የካርቦን ፕሮጀክት ሆኖ ተመዘገበ። አብዛኛው ደን የተመለሰው በመትከል አይደለም። ዛፉ ቢቆረጥም ጉቶው መሬት ውስጥ ሕይወት ነበረው። ተራራው ተከለለ፣ የወጣው ቡቃያ እየተመረጠ ተገረዘ። የካርቦኑ ሽያጭ ለገበሬ ማኅበራት ገባ። መንዝ ጓሳ ደግሞ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በአንድ ቀን መክፈት ከካርቦን ወሬ በፊት ሲያውቅበት የኖረ ነው። ከጎጃም ወጣሁ መሰለኝ፤ ልመለስ።

በ2027 እ.ኤ.አ. 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲደረግ ተወስኗል። እንግዳ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ የባህል ልብስ ይለበሳል። የተከልነውን በቢሊዮን እንናገራለን። እኔ ደግሞ ሳይነካ የቆየውን የሚቆጥር ሰው ከመካከላችን ቢሄድ ደስ ይለኛል። ስንት ደብር፣ ስንት የቀርቀሃ ዳር፣ ስንት የምንጭ ራስ፣ ከነጠባቂው ስም።

አመሰግናለሁ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንዲት የልማት ሠራተኛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስልኳን አውጥታ የወሩን ሪፖርት ቅጽ አሳየችኝ። "የተተከለ" የሚል አምድ አለ። "የጸደቀ" የሚል አለ። "ጋሼ፣ ሳይነካ የቆየው የት ይገባል?" አለችኝ። ቅጹን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርገን አየነው። መጨረሻ ላይ "ምርመራ" የሚለው ብቻ ቀረ። "በቃ እዚህ እጽፈዋለሁ" አለች። አምዱ ጠባብ ነው። ሦስት ቃል ቢይዝ ነው።